«ለጊዜው ነው» ሲሏችሁ ጆሯችሁን አቁሙ፦ ሥልጣንና ሕሊና መለያየታቸውን በጊዜ ለማወቅ

ይህ ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ በቅርቡ የተሾመ ነው፤ የክፍል ኃላፊ ይሁን፣ የወረዳ ሥራ አስፈጻሚ፣ የእድር ዳኛ ወይም ውጭ አገር ያለ የኮሚኒቲ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ለውጥ የለውም። ሌላው ከተሾመው ሰው ሥር የሚሠራ ወይም እጁን አውጥቶ ያስመረጠ ነው። ሁለቱም «ፖለቲካና ሥነ ምግባር አብረው አይሄዱም» ሲባል ሰምተዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲናገር የበሰለ ይመስለዋል። ሥነ ምግባር ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ነው፣ አገር የሚመራው በሌላ ነገር ነው ይላችኋል።

ይህን ሐሳብ ከውጭ አላመጣነውም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን የተረትነው እኛው ነን። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለንም የተሾመውን ሁሉ ብላ ብለን መክረናል። ነገሩ እስከ ጥግ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ደርግ ይበቃናል። ምሳሌዎቼን በሙሉ ከዚያ የምወስደው ፋይሉ ስለተከፈተና ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለታየ ነው። የዛሬውን ባነሳ ወሬው በአምስት ደቂቃ ወደ ብሔርና ወደ ፓርቲ ይዞርና መመሪያው ይቀራል። ዓመተ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር በእኛ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ «ለጊዜው» የምትለዋን ቃል ፈልጉ

ማንም ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ ግፍ እሠራለሁ» አይልም። የሚለው «ለጊዜው» ነው። ለጊዜው ምርጫው ይቆይ። ለጊዜው ኦዲት ይቅር። ሰዎቹ ለጊዜው እዚያው ይቆዩ።

ደርግ ያቆመው መንግሥት ስሙ ራሱ «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አውርዶ ሲገባ ሕገ መንግሥቱን አገደ፣ ፓርላማውን ዘጋ። ለጊዜው ነበር። ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ታውጆ «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል የወረደው በ1979 ማብቂያ ላይ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት። በ1967 መስከረም የተወለደ ልጅ ጊዜያዊው እስኪያበቃ ሰባተኛ ክፍል ሊደርስ ይችል ነበር።

ስለዚህ ስብሰባ ላይ ይህቺ ቃል ስትመጣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። እስከ መቼ? የሚያራዝመው ማን ነው? ማንም ካላራዘመውስ ምን ይሆናል? ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። መልሱ «በራሱ ጊዜ ይቀራል» ከሆነ ነገሩ ጤነኛ ነው፤ «ሌላ ውሳኔ እስኪሰጥ ይቀጥላል» ከሆነ ግን ለጊዜው የሚባል ነገር የለም፣ ቋሚ ነገር ነው እያጸደቃችሁ ያላችሁት። መልሱን በቃል አትቀበሉ። ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ቃለ ጉባኤው ላይ ይግባ። ማኅበራችሁ 40 አባላት ብቻ ያሉት ቢሆንም እንደዚያው አድርጉ። ምርጫን ለጊዜው አዘግይቶ ስምንት ዓመት የተቀመጠ ሰብሳቢ ለማግኘት እኮ ቤተ መንግሥት መሄድ አያስፈልግም።

ዝርዝር ሲመጣ አንድ በአንድ ይነበብ በሉ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ዋናው እሱ ስለሆነ።

በ1966 ክረምት የወታደሩ መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም» ነበር። ሕዝቡ ወዶት ነበር፤ ለመውደድም ምክንያት ነበረው። ባለ ሥልጣናቱ ስማቸው በሬዲዮ እየተጠራ በገዛ እግራቸው መጥተው እጃቸውን ሰጡ። ጉዳያቸውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ያኔ ያለ ደም ይሆናል ብሎ ያመነ ሰው ሞኝ አልነበረም።

ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ቅዳሜ፣ ከርቸሌ ውስጥ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ተረሸኑ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከነሱ መካከል ነበሩ። መርማሪ ኮሚሽኑ ሥራውን አልጨረሰም። ክስ አልነበረም፣ ጠበቃ አልነበረም፣ ዳኛም አልነበረም። የነበረው የደርግ ስብሰባ፣ የስም ዝርዝርና የአባላቱ ድምፅ ነው። ለነገሩ «ፖለቲካዊ ውሳኔ» የሚል ስም ተሰጠው።

ይህን ሐረግ ልብ በሉት። «ፖለቲካዊ» የሚለው ቅጽል እዚያ የገባው አንድ ሥራ ለመሥራት ነው፦ «ይሄኛው በሌላ መለኪያ ይታያል፣ የወትሮውን ጥያቄ አትጠይቁ» ለማለት። ውሳኔው ፍትሐዊ ነው አልተባለም። ሕጋዊ ነውም ለማለት ብዙ አልተደከመም። ፖለቲካዊ ነው ተባለ፣ አለቀ። ዛሬም አንድ አለቃ «ይሄ የአስተዳደር ውሳኔ ነው» ወይም «የአመራር ውሳኔ ነው» ብሎ ዝም ሲያሰኛችሁ እዚያ ቅጽል ሥር ምን እንደተደበቀ ጠይቁ።

በተግባር እንዲህ አድርጉ። የሚባረሩ፣ የሚታገዱ ወይም የሚቀጡ ሰዎች ዝርዝር ሲቀርብላችሁ በጅምላ ድምፅ አትስጡ። ለእያንዳንዱ ስም አራት ነገር ጠይቁ፤ ምን አደረገ፣ መቼ፣ ማን አየ፣ እሱስ ምን አለ? አራተኛው ካልተሟላ ያ ስም ከዝርዝሩ ይውጣና ሰውየው ተጠርቶ ይሰማ። «ጊዜ የለንም» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ጊዜ የሌለው ብዙውን ጊዜ ማስረጃ የሌለው ነው። በእርግጥ አስቸኳይ ነገር ሊኖር ይችላል፤ እሳት ተነስቶ ስብሰባ አይጠራም። ታስሮ በእጃችሁ ያለ ሰው ግን አስቸኳይ አይደለም።

እጃችሁን ስታወጡ ደግሞ ይህን አስታውሱ። ኮሎኔል አጥናፉ አባተ በዚያ ኅዳር የደርጉ ምክትል ሊቀመንበር ነበሩ። ከዚያ ምሽት በኋላ ሦስት ዓመት ሊሞላ 11 ቀን ሲቀረው፣ ኅዳር 3 ቀን 1970፣ እሳቸውም ያለ ፍርድ ተገደሉ። ከሳቸው በፊት ጥር 26 ቀን 1969 ሊቀመንበሩ ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት እዚያው ደርጉ ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ተረሽነዋል። «ለምሳ ሲያስቡን ቁርስ አደረግናቸው» የምትለዋ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ንግግር እስከ ዛሬ በሰው አፍ የቀረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰዎቹ መጥፎ ሰው ስላጋጠማቸው ብቻ አይደለም የሞቱት። ያለ ዳኛ መግደልን አሠራር ያደረገ ጉባኤ ውስጥ ነበሩ፤ አሠራሩ ደግሞ የማንን ስም እንደሚያነብ ለይቶ አያውቅም። ነግ በእኔ የሚሉት ይሄን ነው።

ሰው ስሙን ሲያጣ አስቁሙ

አድሃሪ። አናርኪስት። ፀረ አብዮት። በ1969 እና በ1970 በእነዚህ ቃላት ስንት ወጣት እንዳለቀ የዚያን ዘመን ወላጅ ጠይቁ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ «ነፃ እርምጃ» እንዲወስድ፣ ማለትም ያለ ፍርድ እንዲገድል፣ ሲፈቀድለት አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ተማሪ መሆኑ ቀረና «አናርኪስት» ሆነ። ከዚያ በኋላ አስከሬኑ መንገድ ላይ መጣሉ፣ ቤተሰቡም ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈል መባሉ ለሚያዘው ሰው ብዙ አልከበደውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ግን ድፍረት ይጠይቃል። ስብሰባ ላይ ሰው በቅጽል ስም ሲጠራ «ስሙ ማን ነው?» በሉ። «እነዚያ አፍራሾች» ሲባል «የትኞቹ? እገሌ ነው ወይስ እገሊት?» በሉ። ሰው ስም ሲኖረው እናትም ይኖረዋል፣ ሥራም ይኖረዋል፣ የሠራውና ያልሠራውም ይለያል። እናንተ ራሳችሁ ሪፖርት ስትጽፉ ደግሞ ጅምላ ቃል አትጠቀሙ። «ፀረ ልማት ኃይሎች» ብሎ መጻፍ የሚቀናው ሰው ብዙውን ጊዜ ማን ምን እንዳደረገ የማያውቅ ነው።

ለራሳችሁ ወገን የማትፈቅዱትን ለሌላው አትፍቀዱ

እዚህ ላይ ሁሉም ይጎዳል፣ እኔም ለማንም አላዳላም። ቀይ ሽብርን ያወጀው ደርግ ነው፤ መንግሥትም ስለነበረ ትልቁ ተጠያቂነት የሱ ነው። ግን በከተማ ውስጥ የፖለቲካ ተቃዋሚን በጥይት መጣል የደርግ ብቻ ሥራ አልነበረም፤ ደርግን የሚቃወመው ግራ ዘመም ድርጅት ኢሕአፓም ሰው ገድሏል። ሌላው ግራ ዘመም ድርጅት መኢሶን ደግሞ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» እየሰጠ፣ ኢሕአፓ ሲመታ ከመቺው ወገን ቆመ። ነሐሴ 1969 ላይ ራሱ ወደ ኅቡዕ ገባ፣ መሪዎቹም ታደኑ። እነዚህ ያልተማሩ ሰዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ በዘመኑ ካሉት ሁሉ የተሻለ ያነበቡ ነበሩ። «ዓላማው ትልቅ ነው» የሚለው ሐሳብ አታለላቸው። ዓላማው ትልቅ ሲሆን መንገዱን የሚመረምር ሰው ፈሪ ይባላል።

ፈተናው አንድ ነው፦ ስሞቹን አቀያይሩ። ዛሬ የምትደግፉት ሰው በተቃዋሚው ላይ ያደረገውን ነገር፣ ነገ ተቃዋሚው ሥልጣን ይዞ በእናንተ ላይ ቢያደርገው ምን ትሉ ነበር? «ግፍ ነው» ከሆነ መልሳችሁ፣ ዛሬም ግፍ ነው። ይህን በወረቀት ላይ አድርጉት፣ በሐሳብ ብቻ ከሆነ አእምሮ ሰበብ ይፈጥራል። ውሳኔውን ጻፉ፣ ስሙን ሰርዙ፣ የማትወዱትን ሰው ስም እዚያ ቦታ ላይ አስገቡና መልሳችሁ አንብቡ።

መጥፎ ወሬ እንዴት እንደሚደርሳችሁ ፈትሹ

የወሎ ረሃብ በ1965 እና በ1966 ሰው ሲጨርስ የንጉሡ መንግሥት ደበቀው። ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ በዋዜማው የዚያን ረሃብ ምስል ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በቴሌቪዥን አሳየ፣ ትክክልም ነበር፤ የሚያሳፍር ነገር ነው የታየው። ከዚያስ? ልክ በአሥር ዓመቱ፣ መስከረም 1977፣ ራሱ ደርግ አዲስ አበባን አስውቦ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የገዢውን ፓርቲ የኢሠፓን ምሥረታ ሲያከብር ሰሜኑ እየተራበ ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያው ቀደም ብሎ አስጠንቅቋል፤ በዓሉ ግን ቅድሚያ ተሰጠው። በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት፣ የኮረም ረሃብተኞች ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ወጣና ዓለም አየው።

ሰው ራሱ በከሰሰበት ጥፋት ሲገኝ ግብዝ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። በሁለቱም ጊዜ ለመሪው መጥፎ ወሬ ይዞ መግባት የሚያስጠይቅ ነበር፣ ጥሩ ወሬ ይዞ መግባት ደግሞ ያሾም ነበር። በዚህ አሠራር መሪው ልቡ መልካም ቢሆን እንኳ ትርጉም የለውም።

ኃላፊ ከሆናችሁ ይህን በየወሩ አድርጉ። ባለፈው ወር ደስ የማይል ነገር የነገራችሁ ሰው ማን ነበር? ስሙ ካልመጣላችሁ ሥራው ጥሩ ስለሆነ አይምሰላችሁ፣ ሰው ስለፈራችሁ ነው። ስሙ ከመጣላችሁ ደግሞ ያ ሰው አሁን የት ነው? ተዛውሯል? ከስብሰባ ቀርቷል? ለግምገማ ቀርቧል? መልሱ ስለናንተ ብዙ ይናገራል። አሳ ግማቱ ከአናቱ ነው የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

«ግፍ ግን ውጤታማ ነው» ለሚላችሁ

ይሄ ክርክር መምጣቱ አይቀርም። ደግ መንግሥት ደካማ ነው፣ ጨካኝ ግን አገር ይይዛል ይባላል። መልስ ስትፈልጉ ስለ ጽድቅ አትስበኩ። ስለ አፍአበት ንገሩት።

በ1980 መጀመሪያ ኤርትራ ውስጥ ሻዕቢያን የሚዋጋውን የጦር ክፍል፣ ናደው እዝን፣ የሚመሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ነበሩ። በየካቲት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በመጋቢት የእዙ ማዕከል የነበረችው አፍአበት ወደቀች፣ ናደውም ተደመሰሰ። በቀጣዩ ዓመት፣ ግንቦት 8 ቀን 1981፣ ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩና ከሸፈ። አንዳንዶቹ እዚያው ሞቱ፣ የተያዙት 12 ጄኔራሎች ደግሞ በ1982 ግንቦት ተረሸኑ። አንድ ዓመት አልፎ በግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ሽንፈቱ ሌላም ብዙ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፣ የሶቪየት እርዳታ መቀነሱ አንዱ ነው። ግን በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ የነበረ ሠራዊት የሚመራውን ሰው በየጊዜው እየበላ ሊያሸንፍ አይችልም ነበር። አዛዡ ጠላትን ከሚፈራው ይልቅ አለቃውን ከፈራ የሚልከው ሪፖርት ውሸት ነው፣ በውሸት ሪፖርት ደግሞ ጦርነት አይመራም። መሥሪያ ቤትም አይመራም።

እምቢ ማለት ርካሽ በሆነበት ሰዓት እምቢ በሉ

ጄኔራል አማን ሚካኤል ዓምዶም የደርጉ ሊቀመንበርና የመንግሥቱ መሪ ነበሩ። እስረኞቹን መግደልን ተቃወሙ፣ ወደ ኤርትራ ተጨማሪ ጦር መላክንም ተቃወሙ። ሥራ ትተው ቤታቸው ገቡ። በዚያው በኅዳር ቅዳሜ ምሽት በቤታቸው ተገደሉ። ስለዚህ እምቢ በሉና ምንም አትሆኑም ብዬ አልዋሻችሁም። ነገሩ ሩቅ ከሄደ በኋላ እምቢታ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። አብዛኞቻችን ግን እዚያ ደረጃ ላይ አይደለንም። የኛ እምቢታ የሚያስከፍለን ጥቅማ ጥቅም፣ እድገት፣ ምናልባት ወንበር ነው። ርካሽ ነው ማለት ነው።

ደረጃ በደረጃ ሂዱ። በቃል የመጣን ትእዛዝ «በጽሑፍ ይምጣልኝ» በሉ፤ የሚገርመው ከመጥፎ ትእዛዞች ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይቀራሉ፣ ማንም ፊርማውን ማኖር ስለማይፈልግ። በጽሑፍ ከመጣ የትኛው ሕግ ወይም መተዳደሪያ ደንብ እንደሚፈቅደው ጠይቁ። ስብሰባ ላይ ከተሸነፋችሁ የልዩነት ሐሳባችሁ በቃለ ጉባኤው ላይ በራሳችሁ ቃል እንዲጻፍ ጠይቁ፣ ድምፀ ተዓቅቦ ብላችሁ አትደበቁ። ተዓቅቦ በኋላ ሲነበብ የፈራ ሰው ምልክት ነው። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ከጻፈ አትፈርሙ። ብቻችሁን አትሁኑ፤ ከስብሰባው በፊት አንድ ሁለት ሰው አነጋግሩ፣ አንድ ሰው ሲቃወም አስቸጋሪ ነው ይባላል፣ ሦስት ሰው ሲቃወም ግን አጀንዳው ራሱ ይቀየራል።

«ታዝዤ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ደርግ ወረቀት የሚያስቀምጥ መንግሥት ነበር። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ከቀበሌና ከቤተ መንግሥት መዝገቦች የግድያ ትእዛዞችን ከነፊርማቸው አግኝቶ ፍርድ ቤት አቀረበ። ክሱ በ1987 መሰማት ጀመረ፣ የጥፋተኝነት ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ወጣ። አንዳንዱ አገር ጥሎ ሄዶም አላመለጠም። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 (ከፍተኛ ከቀበሌ በላይ የነበረ የከተማ አስተዳደር እርከን ነው) ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አትላንታ ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፤ እሱ ያሰቃያት ሴት እዚያው ሆቴል በአስተናጋጅነት ስትሠራ አየችው። እሷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍርድ ቤት ለሴቶቹ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍል ፈረደበት፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። በጎጃም የደርግ ተወካይ የነበረው እሸቱ ዓለሙም ሆላንድ ብዙ ዓመት ኖሮ በ2017 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ከተፈረደበት ነገር አንዱ ደብረ ማርቆስ ላይ የ75 እስረኞች ግድያ ነበር። ከግድያው እስከ ፍርዱ 39 ዓመት ገደማ አልፏል።

ሁሉም ከተሞከረና ካልሆነ መልቀቅ አለ። ስትለቁ በኩርፊያ ስልክ ዘግታችሁ አትጥፉ። የመልቀቂያ ደብዳቤው ላይ «በግል ምክንያት» አትበሉ፣ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ስድብ አይግባበት። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን አስመቱበት። ማኅተም፣ ቁልፍ፣ የባንክ ፊርማና ሰነድ በእጃችሁ ካለ በርክክብ ቃለ ጉባኤ አስረክቡ፤ ያለበለዚያ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ በስማችሁ ይፈረማል። የተረካቢው ፊርማ ያለበትን አንድ ቅጂ ይዛችሁ ውጡ።